ፒፖ ኢንዛጊ፦ ኦፍሳይድ መስመር ላይ የኖረው አጥቂ

ፊሊፖ ኢንዛጊን ጣሊያኖች የሚጠሩት ፒፖ ብለው ነው። አንዳንዴም ሱፐር ፒፖ። 1 የዓለም ዋንጫ፣ 2 ቻምፒዮንስ ሊግ እና 3 ስኩዴቶ (የጣሊያን ሊግ ሻምፒዮንነት) አንስቷል። ይህን ሁሉ የሰበሰበ ሰው ኳስ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ክርክር ግን እስከዛሬ አላለቀም። ቀልድ አይደለም። የሆላንዱ ታላቅ ተጫዋች ዮሃን ክራይፍ፣ ይሄ ልጅ ኳስ መጫወት አያውቅም፣ የሚያውቀው ትክክለኛው ቦታ ላይ መገኘት ብቻ ነው እንዳለ ይወራል። የቀድሞው የማንቸስተር ዩናይትድ አሰልጣኝ አሌክስ ፈርጉሰን ደግሞ ሲወለድም ኦፍሳይድ ላይ (ኳስ ስትላክለት ከመጨረሻው ተከላካይ አልፎ ቆሞ) ነው የተወለደው ብለው ሸነቆጡት ይባላል።

ሁለቱም ስድብ ይመስላሉ እንጂ ለኔ ከዚህ የተሻለ ገለጻ የለም።

እውነቱን ለመናገር ፒፖ ድሪብል የለውም። ከ25 ሜትር መትቶ መረብ አይቀድም። ሰውነቱም ቀጭን ነበር፣ ተከላካይ ትከሻውን ነካ ካደረገው ይወድቃል (ለነገሩ መውደዱም አይቀርም፣ ፍጹም ቅጣት ምት እኮ አለ)። ሥራው ሌላ ነበር። ከመጨረሻው ተከላካይ ትከሻ ላይ ይለጠፋል፣ ጎንበስ ብሎ በጎን ያያል፣ ኳሷ ከአማካዩ እግር ልትወጣ ስትል እሱ ሄዷል። ብዙ ጊዜ ባንዲራው ይነሳል። እጁን ያወናጭፋል፣ መስመር ዳኛው ላይ ይጮሃል፣ ከዚያ ተመልሶ እዚያው ቦታ ይቆማል። አሥር ጊዜ ቢያዝ ግድ የለውም። አሥራ አንደኛዋ ካለፈች ጎል ናት። ቫር (ዳኛን በቪዲዮ የሚረዳው) በሌለበት ዘመን መጫወቱ ደግሞ ጠቅሞታል፣ ይህን የሚክድ የሚላን ደጋፊ ካለ ይዋሻል።

የተወለደው ኦገስት 9 ቀን 1973 ፒያቼንሳ ውስጥ ነው (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ታናሽ ወንድሙ ሲሞኔም አጥቂ ሆኖ ላዚዮ ተጫውቷል። ፒፖ በከተማው ክለብ ፒያቼንሳ ጀመረ፣ በውሰት ወደ ሌፌ ከዚያም ወደ ቬሮና ተላከ፣ በሁለቱም ቦታ 13፣ 13 ጎል አገባ። ተመልሶ ፒያቼንሳን በ15 ጎል ወደ ሴሪ አ (የጣሊያን ዋናው ሊግ) አሳደገ። ፓርማ ወሰደው፣ እዚያ ግን አልሆነለትም፣ በሊጉ 2 ጎል ብቻ። በ1996 አታላንታ ገባ። አንድ ዓመት ብቻ ነው የቆየው፣ ያቺ አንድ ዓመት ግን በቃችው። 24 ጎል አስቆጥሮ የሴሪ አ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ያኔ ጣሊያን ውስጥ ተከላካይ ማለት ማልዲኒ፣ ኔስታ፣ ካናቫሮ ናቸው፣ 24 ጎል ዝም ብሎ የሚገኝ ቁጥር አይደለም።

ዩቬንቱስ ወዲያው ገዛው። ከኋላው ዚዳን፣ ከጎኑ ዴል ፒዬሮ። የመጀመሪያው ዓመት ሰርግ ነበር፤ በሜይ 1998 ቦሎኛን 3 ለ 2 አሸንፈው ስኩዴቶውን ሲያረጋግጡ ሦስቱንም ያገባው እሱ ነው። የዚያ ዓመት የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ግን አምስተርዳም ላይ በሪያል ማድሪድ 1 ለ 0 ተበላ። በኋላ ከዴል ፒዬሮ ጋር ነገር መጣ። ዴል ፒዬሮ ጉልበቱ ተጎድቶ ተመልሶ ጎል ጠፍቶበት ነበር፣ የቱሪን ሰው ሁሉ እሱ እንዲያገባ ይጸልያል፣ እና በ2000 ቬኔዚያን 4 ለ 0 ባሸነፉበት ጨዋታ ፒፖ ሃትሪክ (3 ጎል) ሠርቶ እንኳ ለአጠገቡ ሰው ማቀበል አቃተው። ስስት በሉት። እኔ ግን በሽታ ነው የምለው፣ ሰውየው ጎል ካየ ሌላ ሰው አይታየውም። ያኔውኑ ሌላ አጥቂ ትሬዜጌ መጣ፣ ቦታ ጠበበ። ፒፖ በ165 ጨዋታ 89 ጎል አስቆጥሮ በ2001 ወደ ሚላን ሄደ።

ሚላን ላይ ገና ሲገባ ጉልበቱ ተጎዳ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን ፈነዳ። ኤፕሪል 2003 ሳን ሲሮ ላይ ከአያክስ ጋር የተደረገውን ሩብ ፍጻሜ ያየ ሰው አይረሳውም። 2 ለ 2 ነው፣ በዚህ ውጤት አያክስ ያልፋል፣ 90ኛው ደቂቃ አልፏል። ማልዲኒ ረጅም ኳስ ወረወረ፣ አምብሮሲኒ በጭንቅላት ገጨ፣ ፒፖ ከበረኛው በላይ አነሳት። ኳሷ ወደ መረብ እየሄደች ሳለ የቡድን ጓደኛው ቶማሰን መስመሩ ላይ ደርሶ ነካትና ጎሉ በእሱ ስም ተመዘገበ። የሰውን የተረፈ ኳስ ሲለቅም የኖረ ሰው ለአንድ ቀን የራሱ ተለቀመበት። ደስታውን ግን አልቀነሰም። አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ እጁን ዘርግቶ ነው የሚሮጠው፣ አራተኛ ጎልም ይሁን አሸናፊ ጎል ለእሱ ልዩነት የለውም። ያን ዓመት ሚላን ኦልድ ትራፎርድ ላይ ዩቬንቱስን በመለያ ምት አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ለብሔራዊ ቡድኑ 57 ጊዜ ተሰልፎ 25 አስቆጥሯል። በ2006ቱ የዓለም ዋንጫ ብዙም አልተጫወተም። ግን ሃምቡርግ ላይ ከቼክ ጋር ተቀይሮ ገባ። 87ኛው ደቂቃ ላይ የቼክ ቡድን በሙሉ ወደፊት ወጥቶ ሳለ ኦፍሳይዱን ሰብሮ ብቻውን ሄደ። ብቻውን ስል፣ ጎኑ የቡድን ጓደኛው ባሮኔ አለ። ባሮኔ እጁን እየዘረጋ ይሮጣል፣ ቢያቀብለው ባዶ ጎል ነው። ፒፖ ዞርም አላለም። በረኛውን ፔትር ቼክን አልፎ ራሱ አስገባት። 2 ለ 0። የባሮኔን ሁኔታ ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት፣ ያሳዝናልም ያስቃልም።

ዋናዋ ሌሊት ግን አቴንስ ናት፣ ሜይ 23 ቀን 2007። ከሁለት ዓመት በፊት ኢስታንቡል ላይ ሚላን 3 ለ 0 መርቶ ለሊቨርፑል ዋንጫ ያስረከበ ጊዜ ፒፖ አልነበረም። አሁን ያው ሊቨርፑል መጣ። አሰልጣኙ አንቼሎቲ ሌላውን አጥቂ ጂላርዲኖን ያሰልፋል ያለው ብዙ ነበር፣ ምክንያቱም ፒፖ 33 ዓመቱ ነው፣ በዚያ ዓመት በሴሪ አ ያገባው 2 ጎል ብቻ ነው። አንቼሎቲ ፒፖን መረጠ። 45ኛው ደቂቃ ላይ ፒርሎ ቅጣት ምት መታ፣ ኳሷ ወደ ሊቨርፑሉ በረኛ ሬይና እጅ እየሄደች ነበር፣ መንገድ ላይ ፒፖን አገኘችው። ደረቱን ነው ክንዱን የሚለው አሁንም ያጨቃጭቃል። ሬይና ወደ አንዱ ጎን፣ ኳሷ ወደ ሌላው። 82ኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ ካካ በተከላካዮቹ መሃል አሾለከለት። ይህቺ ንጹህ ናት። በሰዓቱ ተነሳ፣ ሬይናን አለፈ፣ ማዕዘኑ ጠቦበት ሳለ በቀስታ አንከባለላት። ለሊቨርፑል ካይት አንድ መለሰ፣ 2 ለ 1 አለቀ። በዚያው ዓመት ሴቪያ ላይ በሱፐር ካፕ፣ ቦካ ጁኒየርስ ላይ በክለቦች ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ (እዚህ 2) አገባ። ፍጻሜ ሲሆን ይሸተዋል።

ይህን ሁሉ ዕድሜ እንዴት ተጫወተ ካላችሁ፣ አንዱ መልስ ሆዱ ነው። ምሳም እራትም ሱጎ (ስጎ) የሌለው ነጭ ፓስታ ከብሬሳኦላ ጋር። ብሬሳኦላ ጨው ተደርጎበት የደረቀ የበሬ ሥጋ ነው፣ የቋንጣ ዘመድ በሉት። ከዚያ ፕላስሞን የሚባለውን የሕፃናት ብስኩት ይበላል፣ ግን ፓኬቱን አይጨርስም፣ የቡድን ጓደኞቹ እንደሚያወሩት ጥቂት ፍሬ ካልተረፈ ጎል አይገኝም።

37 ዓመት ሆኖት እንኳ ኖቬምበር 2010 ላይ በሪያል ማድሪድ ላይ ተቀይሮ ገብቶ 2 አገባ። አንዷ በረኛውን ካሲያስን ያመለጠችው የተረፈች ኳስ፣ ሌላዋ በግልጽ ኦፍሳይድ። ሙሉ ሕይወቱ በ10 ደቂቃ ውስጥ! በአውሮፓ ውድድሮች ያገባቸው 70 ደረሱ። በሳምንቱ ከፓሌርሞ ጋር ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ተመለሰ፣ ግን አሰልጣኙ አሌግሪ ብዙም አልተጠቀመበትም። ሜይ 13 ቀን 2012፣ የመሰናበቻው ቀን፣ ከኖቫራ ጋር ተቀይሮ ገባ። ሴዶርፍ ከላይ ወረወረለት፣ በደረቱ አበረዳት፣ ሳትወርድ መታት። 2 ለ 1። ኔስታና ጋቱሶም ያን ቀን ነው የተሰናበቱት። ፒፖ አለቀሰ። ለሚላን 300 ጨዋታ፣ 126 ጎል።

አሰልጣኝነቱ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በ2014 ሚላንን ያዘ፣ 10ኛ ወጣ፣ ተባረረ። ትልቅ ክለብ አልሆነለትም፣ ታች ሊግ ላይ ግን ሰውየው ማሳደግ ያውቅበታል፦ ቬኔዚያን ወደ ሴሪ ቢ፣ ቤኔቬንቶን 7 ጨዋታ እየቀረ ወደ ሴሪ አ (ዓመቱን የጨረሰው በ86 ነጥብ ነው)፣ በ2025 ደግሞ ፒሳን ከ34 ዓመት በኋላ ወደ ሴሪ አ። ቤኔቬንቶ በዓመቱ ወረደ፣ ቱሪን ላይ ዩቬንቱስን 1 ለ 0 አሸንፎ ቢሆንም። ቦሎኛና ብሬሻ አሰናብተውታል። ታናሹ ሲሞኔ ኢንተርን ይዞ ሁለት ጊዜ የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሲደርስ ታላቁ ሴሪ ቢ ውስጥ ነበር።

የቀረው የ9 ቁጥር ማልያው ወሬ ነው። ከእሱ በኋላ ሚላን ውስጥ የለበሰው ሁሉ ተበላሸበት። ፓቶ፣ ማትሪ፣ ዴስትሮ፣ ሉዊዝ አድሪያኖ፣ አንድሬ ሲልቫ፣ ኢጓይን፣ ፒያቴክ። ፈርናንዶ ቶሬስ ሲለብሰው አሰልጣኙ ራሱ ፒፖ ነበር፣ 10 ጨዋታ 1 ጎል አግብቶ ሄደ። ሰው እርግማን ነው አለ። በ2021 ፈረንሳዊው አጥቂ ጂሩ መጥቶ ምን አገባኝ ብሎ ለበሰው። በሜይ 2022 ሚላን ሳሱኦሎን 3 ለ 0 አሸንፎ ስኩዴቶውን ሲወስድ 2ቱን ያገባው ጂሩ ነው። ሁለቱንም ሌያዎ አሾልኮለት፣ ሳጥን ውስጥ ቆሞ፣ በአንድ ንክኪ።