የአሜሪካ የጤና መድን ክርክር እና የወግ አጥባቂው ጎራ ጉዞ

በአሜሪካ ፖለቲካ ዴሞክራቶችንና ሪፐብሊካኖችን እንደ ጤና መድን ለረጅም ጊዜ ያጨቃጨቀ ጉዳይ ብዙ የለም። ዴሞክራቶች መድን ሳይኖረው የሚቀር ሰው እንዳይኖር መንግሥት ኃላፊነት አለበት ይላሉ። ወግ አጥባቂዎቹ ሪፐብሊካኖች ደግሞ ነገሩ ለገበያው፣ ለየግዛቱና ለግለሰቡ ቢተው ይሻላል ባዮች ናቸው። በጥቅሉ እንዲህ ነው። ታሪኩን በቅርብ ያየ ግን አንድ የሚያስገርም ነገር ያገኛል። ወግ አጥባቂዎች ለዓመታት አጥብቀው የታገሉት "ሰው ሁሉ መድን ይግዛ" የሚለው ግዴታ የተወለደው እዚያው እነሱ ቤት ነው። መጀመሪያ ሥራ ላይ ያዋለውም የማሳቹሴትስ ሪፐብሊካን አገረ ገዥ ነው።

በአማርኛ ይህን ታሪክ በአንድ ቦታ ሰብስቦ የሚያቀርብ ጽሑፍ እምብዛም የለም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት

ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1912 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር የበሽታ መድን በፓርቲው ፕሮግራም ውስጥ ነበር፤ ተሸነፈ። የ1935ቱ የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ የጤና መድንን ሳይጨምር ወጣ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት የደመወዝ ጭማሪን ገደበ። ኩባንያዎች ሠራተኛ ለመሳብ በደመወዝ ፋንታ የጤና መድን መስጠት ጀመሩ። በ1954 ይህ ጥቅም ከግብር ነፃ መሆኑ በሕግ ጸና። ዛሬም ከ65 ዓመት በታች ያለው አብዛኛው አሜሪካዊ መድኑን የሚያገኘው በአሠሪው በኩል ነው። ሥራ ሲሄድ መድኑም አብሮ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አላቀደውም።

ትሩማን በ1945 ለመላው ሕዝብ የሚሆን መድን ሐሳብ አቀረበ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር "ሶሻሊስት ሕክምና ነው" ብሎ ዘመተበት፤ ሐሳቡም ወደቀ። በ1961 ማኅበሩ ባሰራጨው የሸክላ ቅጂ ላይ የመንግሥት የሕክምና መድን ነፃነትን እንደሚያሳጣ ያስጠነቀቀው ድምፅ የአንድ የፊልም ተዋናይ ነበር። ስሙ ሮናልድ ሬገን ነው። ዘመናዊው ወግ አጥባቂነት በጤና ጉዳይ ላይ ያለው አቋም ከሞላ ጎደል እዚያ ቅጂ ላይ ይሰማል። መንግሥት ትንሽ ከገባ አይወጣም፣ ትንሹ ነገር ይሰፋል የሚል ነው።

ጁላይ 30፣ 1965 ጆንሰን ሜዲኬርንና ሜዲኬይድን በሚዙሪ ግዛት፣ በትሩማን ከተማ፣ ትሩማን አጠገቡ ተቀምጦ ፈረመ። ሜዲኬር ዕድሜያቸው 65 ለሞላ፣ ሜዲኬይድ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ነው። በተወካዮች ምክር ቤት ከሪፐብሊካኖቹ 70ዎቹ ደግፈው 68ቱ ተቃውመዋል። ይህን ቁጥር መያዝ ይጠቅማል፤ ከ45 ዓመት በኋላ ከሆነው ጋር ይነጻጸራል። ኒክሰን በ1974 አሠሪዎችን የሚያስገድድ ሰፊ ዕቅድ አቅርቦ ነበር፤ አልሆነም።

ግዴታው ከየት መጣ

በ1986 ሬገን ራሱ የፈረመው ሕግ አንድ በር ከፈተ። ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው፣ መድን ይኑረውም አይኑረውም፣ ሆስፒታሉ መርምሮ ሕይወቱን ለሚያሰጋው ሕመም ሕክምና መስጠት አለበት። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ሂሳቡን ማን ይከፍላል? መድን ያላቸውና ግብር ከፋዩ ናቸው።

የወግ አጥባቂው የጥናት ተቋም የሄሪቴጅ ፋውንዴሽን ባለሙያ ስቱዋርት በትለር በ1989 መልስ አቀረበ። ሰው ለራሱ ኃላፊነት ይውሰድ፤ ቢያንስ ለከባድ ሕመም የሚሆን መድን ይግዛ፤ አቅም የሌለው ይደጎም። ሐሳቡ ከመንግሥት መድንም፣ አሠሪን ከማስገደድም ለማምለጥ የታሰበ ነበር። በ1993 የሮድ አይላንዱ ሪፐብሊካን ሴናተር ጆን ቼፊ ግዴታውን የያዘ ረቂቅ አቀረበ። የፓርቲው የሴኔት መሪ ቦብ ዶልም ፈርሞበታል። ሄሪቴጅ በኋላ ሐሳቡን ትቶ "የእኛ የተለየ ነበር" ብሏል። በዝርዝሩ ልዩነት አለ፤ መሠረቱ ግን አንድ ነው።

በዚያው ዓመት ክሊንተን ከ1,300 ገጽ በላይ የሆነ ረቂቅ ለኮንግረስ ላከ። ዝግጅቱን የመራችው ሂላሪ ነበረች። የሪፐብሊካኑ ስልት አውጪ ዊልያም ክሪስቶል በዲሴምበር 1993 ለፓርቲው በጻፈው ማስታወሻ ዕቅዱን ማሻሻል ሳይሆን ማክሸፍ ያስፈልጋል አለ። ሕጉ ከጸደቀ ዴሞክራቶች የመካከለኛው መደብ ጠባቂ ሆነው ይታያሉ የሚል ስጋት ነበረው። ረቂቁ በሴፕቴምበር 1994 ሞተ። በኖቬምበር ኒውት ጊንግሪች የመራቸው ሪፐብሊካኖች ከ40 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወካዮች ምክር ቤትን ያዙ። ብዙ ወግ አጥባቂዎች ከዚህ የተማሩት መቃወም ብቻውን ምርጫ እንደሚያሸንፍ ነው። የቼፊ መንገድ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው እያጣ ሄደ።

ማሳቹሴትስ፣ 2006

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ወደዚህ ወደ እኛ ወደ ቦስተን ይመጣል። ይህች ትንሽ ግዛት መላ አገሪቱ ያቃተውን ሠርታ አሳይታለች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሚት ሮምኒ አገረ ገዥ ሲሆን ግዛቷ መድን የሌላቸውን ለሚያክሙ ሆስፒታሎች የምትከፍልበት ትልቅ ቋት ነበራት። የስቴፕልስ ኩባንያ መሥራች ቶማስ ስቴምበርግ ለሕዝብ መሥራት ከፈለግህ መድንን አዳርስ ብሎ መክሮት ነበር። በዚያ ላይ የፌዴራል መንግሥት በዓመት 385 ሚሊዮን ዶላር ሊያቋርጥ ተቃረበ። ሮምኒና ሴናተር ቴድ ኬኔዲ፣ በ1994 ለሴኔት ወንበር የተፋለሙት ሁለቱ፣ አብረው ዋሽንግተን ላይ ተደራደሩ። የቡሽ አስተዳደርም ተስማማ። ገንዘቡ ግን ለሆስፒታል ከሚሰጥ ለሰዎች መድን መግዣ ይዋል ተባለ።

የሕጉ አሠራር ቀላል ነው። መድን ሰጪዎች የታመመን ሰው አይመልሱም። ሰው ሁሉ መድን ይገዛል፤ መግዛት እየቻለ ያልገዛ በግብሩ ላይ ይቀጣል። ዝቅተኛ ገቢ ያለው ይደጎማል። ሁሉም የሚገዛዛበት ኮኔክተር የሚባል ገበያ ይኖራል። ገበያው እንዴት ይሁን በሚለው ላይ የሄሪቴጅ ሰዎች አማክረዋል። የታመመን አለመመለስ፣ ግዴታና ድጎማ፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ አይቆሙም። ግዴታ ከሌለ ጤነኛው እስኪታመም ይጠብቃል፤ መድኑን የሚገዛው የታመመው ብቻ ይሆናል፤ ዋጋውም ይሰቀላል። ድጎማ ከሌለ ደግሞ ድሀን ማስገደድ ይሆናል።

የግዛቷ የታችኛው ምክር ቤት በ154 ለ2፣ ሴኔቷ በ37 ለ0 አጸደቁት። ሮምኒ አፕሪል 12፣ 2006 በፋኑዌል ሆል ፈረመ፤ ኬኔዲ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ሮምኒ መድን የማይሰጡ አሠሪዎች በሠራተኛ እንዲከፍሉ የታዘዘውን 295 ዶላር ጨምሮ ስምንት አንቀጾችን ውድቅ አድርጎ ነበር። ምክር ቤቱ ግን መልሶ አጸናቸው። ወጪን በመቆጣጠር በኩል ሕጉ ብዙ አልሠራም፤ ለዚያ የተለየ ሕግ የወጣው በ2012 ነው። በ2013 መጨረሻ ኦባማኬር ወደሚባለው የፌዴራል ሕግ ሲሸጋገር የኮኔክተሩ ድረ ገጽ ችግር ገጥሞት ነበር፤ ተስተካክሏል። ማሳቹሴትስ ዛሬ መድን የሌለው ሰው በመቶኛ በጣም ያነሰባት ግዛት ናት።

2009 እና 2010

ኦባማ ሥልጣን ሲይዝ ዴሞክራቶች የማሳቹሴትስን ንድፍ ይዘው ኦባማኬር የተባለውን ሕግ ለማውጣት ተነሱ። ስሌታቸው ይህ ከሪፐብሊካን ቤት የመጣ ስለሆነ ጥቂት ሪፐብሊካኖች ይደግፉታል የሚል ነበር። የሴኔቱ የፋይናንስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ማክስ ቦከስ ሦስት ዴሞክራትና ሦስት ሪፐብሊካን ሆነው ለወራት ተነጋገሩ። ውጤት አላመጣም።

በዚያው ጊዜ ቲ ፓርቲ የሚባለው እንቅስቃሴ ተነሳ። የባንኮች መታደግና የመንግሥት ዕዳ ያስቆጣው ሕዝብ በኦገስት 2009 የሕዝብ ስብሰባዎችን በጩኸት ሞላ። በ2008 የሪፐብሊካን ምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩ የነበረችው ሣራ ፔሊን መንግሥት ማን ይኑር ማን ይሙት የሚወስን ቡድን ሊያቋቁም ነው አለች። ረቂቁ ውስጥ የነበረው ሐኪም ስለ ሕይወት ማብቂያ ከታካሚው ጋር ለሚያደርገው ምክክር ሜዲኬር ይክፈል የሚል ነው። ወሬው ሐሰት ነበር፤ ሥራውን ግን ሠራ። በሴፕቴምበር 9 ኦባማ ለኮንግረስ ሲናገር የሳውዝ ካሮላይናው ሪፐብሊካን ተወካይ ጆ ዊልሰን "ትዋሻለህ!" ብሎ ጮኸበት።

ተቃውሞው ሁሉ ግን ወሬ አልነበረም። ፌዴራል መንግሥት አንድን ዜጋ የግል ዕቃ እንዲገዛ ማስገደድ ይችላል ወይ የሚለው ከባድ የሕገ መንግሥት ጥያቄ ነው። ግዛት የምትችለውን ሁሉ ዋሽንግተን አትችልም። ሮምኒም ራሱን የተከላከለው በዚህ ነው። ኦባማ ደግሞ "ያላችሁን መድን ከወደዳችሁት ይዛችሁት ትቀጥላላችሁ" ብሎ ነበር። በ2013 ለብዙ ሰው መድኑ የተሰረዘበት ደብዳቤ ሲደርሰው ቃሉ እንዳልተጠበቀ ታየ።

ኬኔዲ ኦገስት 25፣ 2009 አረፈ። ሴኔቱ ዲሴምበር 24 ቀን 60 ለ39 አጸደቀ። ጃንዋሪ 19፣ 2010 በኬኔዲ ወንበር ላይ ሪፐብሊካኑ ስኮት ብራውን አሸነፈ፤ ዴሞክራቶች በሴኔት የተቃዋሚን ማጓተት ለማስቆም የሚያስፈልገውን 60ኛ ድምፃቸውን አጡ። ብራውን በ2006 የግዛት ሴናተር ሳለ የሮምኒን ሕግ ከደገፉት አንዱ ነው። በዋሽንግተኑ ላይ የነበረው መከራከሪያ ማሳቹሴትስ መድን አላት፣ የሌላውን ለምን ትከፍላለች የሚል ነበር። ማርች 21 የተወካዮች ምክር ቤት ሴኔቱ ያለፈውን ረቂቅ በ219 ለ212 አጸደቀው። አንድም ሪፐብሊካን አልደገፈም፤ 34 ዴሞክራቶችም ተቃውመዋል። ኦባማ ማርች 23 ቀን ፈረመ። በኖቬምበር ዴሞክራቶች በተወካዮች ምክር ቤት 63 ወንበር ተቀነሰባቸው።

ፍርድ ቤትና የመሻር ሙከራ

ጁን 28፣ 2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ሕጉን አጸናው። ወሳኙን ድምፅ የሰጠው በቡሽ የተሾመው ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ ነው። ቅጣቱ ግብር ነው ብሎ አለፈው። ሕጉ ያዘዘው ሜዲኬይድን ለተጨማሪ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ማስፋት ግን ለግዛቶች ፈቃድ ሆነ። ሮምኒ በዚያ ዓመት ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው የራሱን ሕግ ወንድም እሽራለሁ እያለ ነው። በ2013 የሪፐብሊካን ወግ አጥባቂዎች ሕጉን ለማስቆም መንግሥትን ለ16 ቀናት አዘጉ።

በ2017 ዋይት ሐውስም ኮንግረስም የሪፐብሊካን ሆነ። ለሰባት ዓመት "እንሽረዋለን" ሲሉ ቆይተው በምን እንደሚተኩት አልተስማሙም። የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበረው ፖል ራያን ያመጣው በግብር ቅናሽና ለግዛቶች በሚሰጥ የተወሰነ ገንዘብ ላይ የቆመ ነበር፤ በ217 ለ213 አለፈ። ጥግ ያሉት ቅነሳው አነሰ፣ ለዘብተኞቹ በዛ አሉ። ጁላይ 28 ሌሊት በሴኔት የመጨረሻው ሙከራ በ49 ለ51 ወደቀ። ጆን ማኬይን፣ የሜይኗ ሱዛን ኮሊንስና የአላስካዋ ሊሳ መርካውስኪ ከዴሞክራቶቹ ጋር ቆሙ። ቼፊ ሮድ አይላንድ፣ ሮምኒ ማሳቹሴትስ፣ ኮሊንስ ሜይን፤ ኒው ኢንግላንድ የሚባለው አካባቢ የድሮው የሪፐብሊካን ጠባይ የቆየበት ነው።

በዲሴምበር 2017 የግብር ሕግ ቅጣቱ ዜሮ ሆነ። ብዙ ባለሙያዎች ገበያው ይፈርሳል ብለው ነበር፤ አልፈረሰም። ገበያውን ደግፎ ያቆየው ድጎማው ነው። ማሳቹሴትስ ግን የራሷን ግዴታ ዛሬም ይዛለች።

ካርታው እና የእኛ ሰው

እስካሁን 40 ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ሜዲኬይድን አስፍተዋል። በሜይን፣ በአይዳሆ፣ በዩታ፣ በነብራስካ፣ በኦክላሆማ፣ በሚዙሪና በሳውዝ ዳኮታ የወሰነው በቀጥታ ሕዝቡ ነው፤ አብዛኞቹ ሪፐብሊካን የሚመርጡ ግዛቶች ናቸው።

ይህ ካርታ ለአበሻው ማኅበረሰብ የዕለት ኑሮ ጉዳይ ነው። ታክሲና ኡበር የሚነዳ፣ ትንሽ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያለው ሰው መድን የሚሰጠው አሠሪ የለውም። ቨርጂኒያ በ2018 ሪፐብሊካኖችም ተጨምረው አስፋፍታለች፤ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ የአሌክሳንድሪያና የአርሊንግተን ሰው ተጠቅሟል። ቴክሳስና ጆርጂያ ግን በሙሉ አላስፋፉም፤ ዳላስና አትላንታ ያለው ወገን እዚያ ነው። ሕጉ ሲጻፍ ከድህነት ወለል በታች ያለው ሜዲኬይድ ያገኛል ተብሎ ስለታሰበ ድጎማው የሚጀምረው ከወለሉ ነው። ስለዚህ ዳላስ ያለ ልጅ የሌለው ዜጋ ገቢው ከወለሉ በታች ከሆነ ሁለቱንም ላያገኝ ይችላል። ቦስተን ቢሆን ያገኝ ነበር።

አሁን ያለበት

በ2021 ድጎማው ተጨመረ፤ ጭማሪው በ2022 እስከ 2025 መጨረሻ ተራዘመ። በዶናልድ ትራምፕ ዘመን ወግ አጥባቂው ጎራ ራሱ ተከፍሏል። አንዱ ወገን የፖል ራያንን ወጪ ቅነሳ ይዟል። ሌላው መራጫችን ሠራተኛው ነው፣ ሜዲኬይድ ላይ ያለውም እሱ ነው ይላል። የሚዙሪው ሪፐብሊካን ሴናተር ጆሽ ሃውሊ በ2025 ሜዲኬይድ መቀነስ ስህተት ነው ብሎ ጽፎ ነበር፤ ጁላይ 4 ለተፈረመው ሕግ ግን ድምፁን ሰጥቷል። ሕጉ በሜዲኬይድ ማስፋፊያ ውስጥ ያሉ ብዙ አዋቂዎች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን ወይም ተመሳሳይ ነገር ማድረጋቸውን እንዲያሳዩ ያዛል። በመከር ወቅት ዴሞክራቶች የድጎማው ጭማሪ ካልተራዘመ በጀት አናጸድቅም አሉ፤ መንግሥት ለ43 ቀናት ተዘጋ። ጭማሪው ሳይራዘም ዓመቱ አለቀ።

በዚሁ የጁላይ 4 ሕግ መሠረት ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ብዙ ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪያገኙ በፌዴራል ገንዘብ የሚከፈለውን ሜዲኬይድ አያገኙም። ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ የገበያው ድጎማም ይቀርባቸዋል። ወረቀቱ ገና ያልተጠናቀቀለት ሰው ከነዚህ ቀናት በፊት በሚኖርበት ግዛት ያለውን አማራጭ ቢጠይቅ ይበጀዋል፤ ዲሲ ላይ በከተማው የቋንቋ ሕግ መሠረት አገልግሎቱን በአማርኛ መጠየቅ ይቻላል።