የእግር ደም ቅዳ ጥበት ምንድን ነው?

አጎቴ ጎንደር ላይ ቁስቋምን ሊሳለሙ ዳገቱን ሲወጡ አንድ ቦታ ላይ መቆማቸው አይቀርም። ጋቢያቸውን እንደማስተካከል ይሉና ወደ ከተማው ዞረው ግንቡን የሚያዩ ይመስላሉ። እኛም ዕድሜ ነው ብለን ትተነው ነበር። ለካ የሚያቆማቸው የቀኝ ባታቸው ነው፤ ጭምድድ አድርጎ ይይዛቸዋል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲቆሙ ይለቃል፣ ትንሽ ሲራመዱ ይመለሳል።

የበሽታው ዋና ምልክት ይኸው ነው፦ ስሄድ ይይዘኛል፣ ስቆም ይለቀኛል። ደም ቅዳ የሚባሉት ከልብ ደም የሚያመጡ ቧንቧዎች ውስጣቸው ስብ እየተለጠፈባቸው ይጠባሉ። ለተቀመጠ ሰው ጡንቻ ጥቂት ደም ይበቃዋል። ዳገት ላይ ግን ብዙ እጥፍ ይፈልጋል፤ የጠበበው ቧንቧ አያደርስለትም፣ ያኔ ጡንቻው ኦክስጅን አጥቶ ይጮኻል። ሜዳ የሚያንሳት ጎንደር ይህን በሽታ ቶሎ ታሳብቃለች።

እኛ ግን «ብርድ ነው» ወይም «ቁርጥማት ነው» ብለን እግሩን በሙቅ ውሃና ጨው እንዘፈዝፋለን። ቁርጥማት ቆም ስላሉለት ብቻ በደቂቃ አይለቅም። ከወገብ ነርቭ የሚመጣው ሕመምም ብዙውን ጊዜ ቁጭ ካላሉ ወይም ጎንበስ ካላሉ አይተውም። ሙቅ ውሃው ደግሞ ያስፈራኛል፤ ስኳር እግሩን ያደነዘዘው ሰው ሳይሰማው ይቃጠላል፣ ደም በማይደርሰው እግር ላይ የወጣ ቁስል ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይድንም።

ብዙ ታማሚዎች ባታቸውን ጨርሶ አያማቸውም። ስለዚህ እግሩን ራሱን ማየት ነው፦ አንዱ ከሌላው ይቀዘቅዛል? ፀጉሩ ረግፎ ቆዳው ያብለጨልጫል? ጣት ላይ ያለች ቁስል አልድን ብላለች? ሌሊት ጣቶቹን እያመመው እግሩን ከአልጋው ሲያንጠለጥል የሚሻለው ሰው ቀጠሮ አይጠብቅ። በድንገት ነጥቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ደንዝዞ አልንቀሳቀስ ያለ እግር ከሆነ ግን ነገሩ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ምርመራው የግፊት መለኪያ ነው፣ ክንድ ላይም ቁርጭምጭሚት ላይም። የአጎቴ ክንድ 150፣ ቁርጭምጭሚታቸው 96 መጣ፤ ሲካፈል 0.64። ጤነኛው ከ1.0 እስከ 1.4 ነው፣ 0.90 እና ከዚያ በታች ጥበት አለ ማለት ነው። ስኳር የቆየበት ሰው ቧንቧው ስለሚደርቅ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሊያታልል ይችላል፤ ለእሱ የእግር ጣቱ ግፊት ይለካል።

ዋነኞቹ መንስኤዎች ሲጋራ፣ ስኳር፣ ደም ግፊትና ኮሌስትሮል ናቸው። እግር ላይ የጠበበ ቧንቧ ልብና አንጎል ላይም ሳይጠብ አይቀርም፤ ለዚህ ነው ሐኪሞች የኮሌስትሮል መድኃኒትና አስፕሪን የሚያዙት። በጣም የባሰበት ቧንቧው ውስጥ በምትነፋ ትንሽ ፊኛ ይሰፋለታል ወይም ደሙ በሌላ መንገድ እንዲያልፍ በቀዶ ሕክምና ይቀየስለታል።

አጎቴን ያሳቃቸው ግን ሌላው ትእዛዝ ነው፦ እስኪያምዎ ይራመዱ፣ ይቁሙ፣ ደግመው ይራመዱ፤ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ በሳምንት 3 ቀን፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንት። «የሸሸሁትን ሕመም መድኃኒት ብለው ሰጡኝ» አሉ። ሲጋራውን ትተዋል። ዳገቱ ላይ ዛሬም ይቆማሉ፤ ግንቡን ማየቱ ቀርቶ ሰዓታቸውን ነው የሚያዩት።