«8:00» ስንት ሰዓት ነው?

ባሕር ዳር ላይ ለንባብ ክበባችን የቤተ መጻሕፍት መሰብሰቢያ ክፍል አስያዝኩ። ቅጹ ላይ «8:00» ብዬ ሞላሁ። ምሳ በልተን በጣና ዳር አዝግመን ስንደርስ በሩ ተቆልፏል። ለካ ቅጹ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ኖሯል! ተራችን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አልፏል።

የእኛ ሰዓት ቆጠራ ከንጋት ይጀምራል፣ የፈረንጁ ከእኩለ ሌሊት። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ የእኛ የቀኑ 8 ሰዓት በእነሱ 14:00 ይሆናል። ከቁጥሩ ጎን «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ብላችሁ ጻፉ፤ ያኔ ስሕተቱ ይቀንሳል።

ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ኢንተርኔት ደግሞ፣ ዋይፋዩ «ተገናኝቷል» እያለ ምንም አልከፍት ካለ ተበላሽቷል አትበሉ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ደንቡን «እስማማለሁ» ብላችሁ የምታልፉበት ገጽ አለ። ካልመጣ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ አብሩት።