ሶላርና ንፋስ ሲገቡ የመስመሩ ጥበቃ ምን ይሆናል? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ወሎ ውስጥ መብራት በሄደ ቁጥር ወሬው ሶላር ላይ ይወድቃል። አንዱ «ገዝተህ ተገላገል» ይላል። ሌላው «ሁሉም ሶላር ከሰቀለ መስመሩ ይበላሻል» ብሎ ያስፈራራል። ሁለቱም የሚዘሉት ነገር አለ፤ ጥበቃውን።

ጥበቃ ስል ሪሌዩን (ፍሰቱን እየለካ ብሬከሩን «ቁረጥ» የሚለውን ዕቃ)፣ ብሬከሩንና ፊውዙን ማለቴ ነው። ሾርት ሲፈጠር ሽቦው ከመቅለጡና ትራንስፎርመሩ ከመቃጠሉ በፊት መስመሩን የሚቆርጡት እነዚህ ናቸው። መቼ እንደሚቆርጡ የሚወሰነው ምንጩ በሾርት ጊዜ ምን ያህል አምፔር ሊልክ እንደሚችል ተሰልቶ ነው። ምንጩ ተቀይሮ ስሌቱ ካልተከለሰ ችግር ይመጣል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ከመርሳት ነው።

«ጣሪያዬ ላይ ሶላር ካለ መብራት ቢሄድ አይመለከተኝም»

እንደ ዓይነቱ ነው። ባትሪ ያለውና ከመስመሩ ተለይቶ መሥራት የሚችል ከሆነ ልክ ነዎት። ባትሪ የሌለውና ከመስመሩ ጋር አብሮ እንዲሠራ የተገጠመው ግን ፀሐይ አናት ላይ ቆማ እንኳ ይጠፋል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ተሸወድኩ» ይላል። አልተሸወደም። ኢንቨርተሩ፣ ማለትም የፓነሉን ኃይል ለቤትና ለመስመር ወደሚሆን ኃይል የሚቀይረው ዕቃ፣ የታዘዘውን እያደረገ ነው።

ምክንያቱን ለማየት ክረምት ላይ ከቶሳ ተራራ ግርጌ ያለ አንድ ሰፈር ያስቡ። ንፋስ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ገንጥሎ 15 ኪሎ ቮልቱ ሽቦ ላይ ጣለው። መስመሩ ተቆረጠ። ሠራተኛው ቀበቶውን አስሮ ምሰሶ ላይ ወጣ። በዚህ ሰዓት ከታች አንድ ቤት ኃይል ወደ መስመሩ መልሶ ቢገፋስ? ትራንስፎርመር በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ከቤት የገባው 230 ቮልት ወደ ላይ ሲወጣ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይሆናል። ሠራተኛው የሞተ መስመር ነው ብሎ የነካው ሽቦ ይገድለዋል። ለዚህ ነው ዓለም አቀፍ ደረጃዎች ኢንቨርተር መስመሩ መቋረጡን ራሱ አውቆ በ2 ሰከንድ ውስጥ እንዲያቆም የሚያስገድዱት።

እግረ መንገዴን፣ ጄነሬተር ያለ ቼንጅ ኦቨር ማብሪያ (ቤቱን ከመስመሩ ወይም ከጄነሬተሩ፣ ከአንዱ ጋር ብቻ የሚያገናኘው) በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካ ሰው ያንኑ አደጋ ይፈጥራል፤ ያውም ራሱን የሚያጠፋ ዘዴ በሌለው ዕቃ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ምሰሶው ላይ ያለው ሰው ልጆች አሉት።

«ሾርት ከሆነ፣ ኃይሉ ከየትም ይምጣ ብሬከሩ ይወድቃል»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ቤታችሁ ያለውን ባለ 16 አምፔር ብሬከር ውሰዱ። በብዛት የሚሸጠው «ሲ» የሚባለው ዓይነት በቅጽበት የሚቆርጠው ከ5 እስከ 10 እጥፍ ሲደርስበት፣ ማለትም ከ80 እስከ 160 አምፔር ላይ ነው። ከሰፈሩ ትራንስፎርመር ስትጠቀሙ ሾርት በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ያመጣል። ብሬከሩ ጠቅ ብሎ ይወድቃል። አሁን መብራት ሄዶ ባለ 5 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር ላይ ናችሁ እንበል። መደበኛ አቅሙ 22 አምፔር አካባቢ ነው። ቢበዛ ለጥቂት ሰከንድ እጥፉን ይሰጣል። 80 አይደርስም። ስለዚህ ብሬከሩ ዝም ብሎ ያያል፤ ኢንቨርተሩ ራሱን ለማዳን ይዘጋና ቤቱ ሁሉ ይጨልማል። የትኛው ክፍል ውስጥ ችግር እንዳለ የሚነግራችሁ የለም።

ይህንኑ ወደ መስመሩ ከፍ እናድርገው። በ15 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ 1 ሜጋ ዋት የሚሰጥ ምንጭ መደበኛ ፍሰቱ ወደ 38 አምፔር ነው። ምንጩ የሚሽከረከር ጄነሬተር ከሆነ በሾርት የመጀመሪያ ቅጽበት 5 ወይም 6 እጥፉን፣ ማለትም 200 አምፔር ገደማ ያፈሳል። ያው 1 ሜጋ ዋት ከሶላር ኢንቨርተር ከመጣ ግን ፍሰቱ ብዙውን ጊዜ ከ1.1 እስከ 1.5 እጥፍ አያልፍም። ቢበዛ 57 አምፔር። ሪሌዩ 150 አምፔር ላይ እንዲቆርጥ ተሞልቶ ከሆነ ለሶላሩ ሾርት ማለት ጠንከር ያለ የሥራ ቀን ነው፤ አይነቃም።

ሌላም አለ። ሶላሩ መስመሩ መሐል ላይ ከተቀመጠና ሾርቱ ጫፍ ላይ ከሆነ፣ ሶላሩ የአካባቢውን ቮልቴጅ ይደግፋል። በዚህ የተነሳ ከማከፋፈያ ጣቢያው የሚመጣው ፍሰት ይቀንሳል። ጣቢያው ላይ ያለው ሪሌይ ችግሩን ከእውነተኛው አሳንሶ ያያል፤ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይቆርጥም።

«ኃይል የሚሄደው ከማከፋፈያ ጣቢያ ወደ ቤት ብቻ ነው»

ድሮ እንደዚያ ነበር፤ ጥበቃውም ለዚያ ነው የተሠራው። መስመሩ ላይ ምንጭ ሲገባ ግን ፍሰቱ ወደ ኋላም ይሄዳል። ከአንድ ጣቢያ የሚወጡ ሁለት መስመሮች አሉ እንበል። አንዱ ላይ ሾርት ሲፈጠር ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው ምንጭ በጣቢያው በኩል ዞሮ ይመግበዋል። ያኔ ጤነኛው መስመር ያለ ጥፋቱ ሊቆረጥ ይችላል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ የፍሰቱን አቅጣጫ የሚለይ ሪሌይ ወይም የመስመሩን ሁለት ጫፍ የሚያወዳድር ጥበቃ።

«መብራት ብልጭ ብሎ መመለሱ የብልሽት ምልክት ነው»

ብዙ ጊዜ መስመሩ ራሱን እያዳነ ነው። ወፍ፣ ቅርንጫፍ ወይም መብረቅ የሚፈጥረው ሾርት አላፊ ነው። አንዳንድ ብሬከር ለአፍታ ቆርጦ ሾርቱ የፈጠረው እሳት ሲጠፋ ራሱ ይመልሳል። ሶላሩ በዚያች አፍታ መመገቡን ካላቆመ ግን እሳቱ አይጠፋም። በዚያ ላይ ብሬከሩ ሲመለስ ሁለቱ ምንጮች ሳይናበቡ ይገጫጫሉ፤ ዕቃ ይሰብራል። ስለዚህ የመመለሻው ሰዓትና የኢንቨርተሩ መዘጊያ ሰዓት አብረው መቀመጥ አለባቸው። ሁለቱን የሚያስቀምጡ ሰዎች ካልተነጋገሩ አይሆንም።

«ታዳሽ ኃይል ሁሉ ለመስመሩ ያው ነው»

አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ነው። ተከዜም፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ግድብም ታዳሽ ናቸው። ግን ከባድ ብረት የሚያሽከረክሩ ጄነሬተሮች ናቸው። በሾርት ጊዜ ብዙ አምፔር ይሰጣሉ፤ ድንገት ጭነት ሲጨምርም በሽክርክሪታቸው ክብደት 50 ኸርዙን (መስመሩ በሰከንድ የሚመታውን ምት) ለጥቂት ሰከንድ ይዘው ያቆያሉ። የሶላር ፓነልና በርካታ አዳዲስ የንፋስ ተርባይኖች ግን ወደ መስመሩ የሚገቡት በኤሌክትሮኒክስ በኩል ነው። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ «ታዳሽ ነው ወይ?» አይደለም፤ «በምን በኩል ገባ?» ነው። በግድቦች ላይ የቆመ አገር ሶላር ሲጨምር ከብዙዎች የተሻለ መሠረት አለው። ይህ በቂ አይነገርለትም።

«ንፋስና ፀሐይ አገር ያጨልማሉ»

ማስረጃ ተብሎ የሚነሳው ደቡብ አውስትራሊያ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 2016 ክፍለ ግዛቱ በሙሉ ጨለመ፤ 850 ሺህ ያህል ደንበኞች ኃይል አጡ። መነሻው ማዕበል የጣላቸው የመስመር ማማዎች ነበሩ። ሾርቱ ሲደጋገም በርካታ የንፋስ ጣቢያዎች በሰከንዶች ውስጥ 456 ሜጋ ዋት ቀነሱ። ለምን? የቮልቴጅ መውረድ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ከተደጋገመ ኃይል እንዲቀንሱ የሚያዝ ቁጥር ውስጣቸው ተሞልቶ ስለነበር ነው። ንፋሱ አላቆመም። ቁጥሩ ተቀየረ። በኋላም ሾርት የሚደግፉና ሽክርክሪት የሚሰጡ 4 ትልልቅ ማሽኖች ተተከሉ።

ጀርመንም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟታል። የቀድሞው ደንብ ሶላሮች 50.2 ኸርዝ ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲጠፉ ያዝ ነበር። ጥቂት ሳሉ ችግር የለውም። ሲበዙ ግን በአንድ ቅጽበት መጥፋታቸው ራሱ አደጋ ሆነ፤ የተገጠሙትን ዞሮ ማስተካከል ግድ አለ። እኛ ገና ሳይበዛ ደንቡን ብናስተካክል ከዚህ ወጪ እንተርፋለን።

«ብሬከር እስካለ ድረስ ሰው አይያዝም»

ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሰውን የሚጠብቀው ኃይል በሰው አካል ወይም በሌላ መንገድ ወደ መሬት ሲያመልጥ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው ሌላው ዕቃ (አር ሲ ዲ) ነው። እሱ ደግሞ የሚሠራው ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) እና መሬት አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ነው። መብራት ሄዶ ኢንቨርተሩ ቤቱን ለብቻው ሲይዝ ይህ ግንኙነት ሊቋረጥ ይችላል። ብሬከሩ ቢያስቸግርም በ16 ፋንታ 32 መግጠም የባሰ ነው፤ ሽቦው ይግላል እንጂ ጥበቃው አይሻልም። ሶላር የሚገጥምላችሁን ባለሙያ ሁለት ነገር ጠይቁት፦ መብራት ሲሄድ የቤቱ ኒውትራል ከመሬት ጋር የሚገናኘው የት ላይ ነው? በባትሪ ላይ እያለን ሾርት ቢፈጠር የሚቆርጠውስ የቱ ነው? መልሱን በአፍ ብቻ አትቀበሉ፤ መስመሩን አጥፍቶ በመለኪያ ያሳያችሁ።