አቡነ ዮሴፍ፦ የላስታው ውርጭ፣ ጥበቃውና ፎቶግራፉ

አቡነ ዮሴፍ በሰሜን ወሎ፣ ከላሊበላ ከተማ በላይ የቆመ የላስታ አውራ ተራራ ነው። ከፍታው አብዛኛውን ጊዜ 4,260 ሜትር ተብሎ ይጻፋል፤ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርጉት ካርታዎችም አሉ። አሸተን ማርያም በትከሻው፣ ይምርሐነ ክርስቶስ በማዶው ናቸው። ላሊበላ ደርሶ ተራራውን ሳይወጣ የተመለሰ እንግዳ ላስታን በግማሽ ነው ያየው።

የገብሱ ማሳ ሲያበቃ የአስታ ቁጥቋጦ ይጀምራል፤ ከአስታው በላይ የጓሳ ሣርና ጅብራ የሚባለው ተክል ነው። ጅብራ ለዓመታት ቆይቶ በዕድሜው አንዴ ብቻ ያብባል፤ የአበባው ዘንግ ከሰው ቁመት በላይ ይመዘዝና ተክሉ ይደርቃል። ጓሳው ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል።

የውርጩ፣ ማለትም ከማሳው በላይ ያለው ብርዳማ ከፍታ፣ ጌጥ ቀይ ቀበሮ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ ጠቅላላ ቁጥሩም ከ500 አይበልጥም ተብሎ ይገመታል። በወሎ ከአቡነ ዮሴፍ ሌላ በቦረና ሳይንትም ይገኛል፤ በደሴ አቅራቢያ ካለው ከጉጉፍቱ ግን ጠፍቷል። የሚበላው አይጥ ነው፤ አይጡ የሚኖረው በጓሳና በሣሩ ውስጥ ስለሆነ እርሻና ግጦሽ ሽቅብ በወጣ ቁጥር ምግቡም መጠለያውም አብሮ ይሄዳል። ከዚህ የከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። አንድ ያልተከተበ የእረኛ ውሻ የቀበሮውን መንጋ በሙሉ ሊጨርስ ይችላል፤ ስለዚህ ቀበሮውን መጠበቅ የሚጀምረው መንደር ውስጥ፣ ውሻ ከማስከተብ ነው። አቡነ ዮሴፍና አጎራባቾቹ ዝጊትና አቦሆይ ጋራ በአንድነት የተያዙት በማኅበረሰብ ጥበቃ ክልልነት እንጂ በብሔራዊ ፓርክነት አይደለም፤ ለላስታ ሰው ይህ ኩራት ነው።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ላስታ የደረሰው የሰሜኑ ጦርነት ጎብኚውን አስቀረው።

ለፎቶግራፍ ከክረምት ማግስት ያለው መስከረምና ጥቅምት ይመረጣል፤ ሰማዩ ጠርቶ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው። ቀይ ቀበሮ በቀን ስለሚያድን ረጅም ሌንስና ትዕግሥት ካለ ይገኛል፤ ተከትሎ መሮጥ ግን አደኑን ማበላሸት ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ ግን ከሰው ብዙም አይሸሽም። ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። ፎቶ አንሺው ቀድሞ ደርሶ መሬት ላይ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ነው፤ ምግብ መስጠት አይገባም። መንጋው እየጋጠ ይቀርባል፤ የአውራው ጎፈር ከጀርባው በምትወጣው ፀሐይ ዳር ዳሩ ወርቅ ይመስላል፣ በጣቶቹ የሚነጨው ሣር ድምፅም ይሰማል።