ሶላር፦ ከጎጆ ጣሪያ እስከ መንገደኛ ሻንጣ

በገጠር ጠዋት ብቅልና በርበሬ የሚያሰጡ እናቶች ከጎኑ ሌላም ነገር ያሰጣሉ፦ መዳፍ የምታክል ሰማያዊ ሰሌዳ ያላት ትንሽ መብራት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ስትሞቅ ውላ ማታ ወደ ቤት ትገባለች። ልጆች የሚያጠኑት፣ ወጥ የሚሠራው፣ ላም በሌሊት ስትወልድ በረት የሚገባው በእሷ ብርሃን ነው። ቀድሞ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ኩራዝ ነበር። በኩራዝ ያደገ ሰው ጠዋት ሲናፈጥ መሐረቡ ላይ ያይ የነበረውን ጥላሸት አይረሳም።

በመጽሐፍ ቋንቋ «የፀሐይ ኃይል» ይባላል፤ በሰው አፍ ግን ሶላር ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ሰሌዳ ሶላር፣ ጥግ የተቀመጠው ባትሪ ሶላር፣ አምፖሉም ሶላር። ስሙ እንዲህ መጠቅለሉ መዘዝ አለው። መብራቱ እምቢ ሲል «ሶላሩ ሞተ» ይባልና ጥፋቱ ሰሌዳው ላይ ይላከካል። ሰሌዳ ግን በቀላሉ አይሞትም፤ ደህና ከሆነ 25 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። ቀድሞ የሚሞተው ባትሪው ነው።

ውኃ የሚያሞቀውም ሶላር ከዚህ ይለያል። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን «ዱድ ሼሜሽ» የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በአዲስ መኖሪያ ቤቶች ላይ በሕግ ግዴታ የሆነው፣ አዲስ አበባም በየጣሪያው የምናየው በርሜል የፀሐይን ሙቀት በቀጥታ ወደ ውኃ ያስተላልፋል እንጂ ኤሌክትሪክ አያመነጭም። የእኛ ጉዳይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የሲሊኮን ሰሌዳ ነው።

ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ3ኛውና በ15ኛው ዲግሪ መካከል ትገኛለች። በብዙው የሀገሪቱ ክፍል አንድ ካሬ ሜትር መሬት በቀን በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን የፀሐይ ጉልበት ይቀበላል። በሌላ በኩል ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት የለውም። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 2017 ተመርቋል፤ ነገር ግን ኃይል ማመንጨትና ኃይል ማድረስ ለየቅል ናቸው። በየሸንተረሩ ተበታትኖ ለሰፈረ ጎጆ ምሰሶና ሽቦ መዘርጋት ዋጋው አይቀመስም። ይህን በማሰብ ነው እ.ኤ.አ. በ2019 የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጪ፣ በአብዛኛው በሶላር፣ በ2025 ለማዳረስ ያቀደው። ዕቅዱ በተባለው ጊዜ አልደረሰም።

ሶላር ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በመካከለኛው ኢትዮጵያ አንድ የገጠር መንደር 10.5 ኪሎዋት ጉልበት ያለው ሶላር ተተክሎ ወደ 300 ለሚጠጉ አባወራዎች መብራት ይሰጥ ነበር፤ ኋላ ወደ 30 ኪሎዋት አድጎ የውኃ ፓምፕና ወፍጮ እንዲያንቀሳቅስ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዋናው የሶላር ተጠቃሚ ቴሌ ነበር፤ መብራት በሌለበት ተራራ ላይ ለሚቆሙ ጣቢያዎቹ ሌላ ምን ይሁነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ደግሞ በሰሜን ሸዋ ሬማ የተባለችው መንደር በጀርመን የሶላር ፋውንዴሽን ድጋፍ ወደ 2,000 የሚጠጉ ቤቶቿ እያንዳንዳቸው በትንንሽ ሰሌዳ በሩ። እኔ ከሬማ ታሪክ የምወደው የቤቱን ብዛት አይደለም፤ የሶላር ቴክኒሺያን ማሠልጠኛም እዚያው መከፈቱን ነው። ጠጋኝ በሌለበት የተተከለ ዕቃ ፊውዝ በተቃጠለ ማግስት ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ሶላር ያለው ቤት እንደ ጎተራ ያለው ቤት ነው፤ ቀን የገባውን ነው ማታ የሚበላው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መቁጠር ይቀድማል። 100 ዋት ሰሌዳ አለ እንበል። ቀኑ ብሩህ ከሆነ የ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል ያገኛል፤ 500 ዋት ሰዓት ማለት ነው። በሙቀት፣ በአቧራ፣ በሽቦና በባትሪ 30 በመቶ ያህሉ ይባክናልና እጅ የሚገባው 350 ገደማ ነው። አራት ባለ5 ዋት አምፖሎች 5 ሰዓት ቢበሩ 100፣ ሦስት ስልክ ቻርጅ ቢደረግ 50 ያህል፣ 30 ዋት የምትበላ ቴሌቪዥን 4 ሰዓት ብትከፈት 120። ድምሩ 270፤ ጥቂት ይተርፋል። አሁን በዚሁ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሰካ። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳልና የቀኑ አዝመራ በ6 ደቂቃ ያልቃል፤ ያውም ምጣዱ ገና ሳይሰማ። «ሶላር ካስገባሁ እንጀራም እጋግርበታለሁ» የሚል ሰው ብዙ ሺህ ዋት የሚያወጣ ሰሌዳና እሱን የሚመጥን ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል እንደ ዋናው መስመር መብራት አድርጎ የሚለውጥ ዕቃ) ያስፈልገዋል። ሻጩ ይህን ቀድሞ ላይነግረው ይችላል።

ክረምት ሌላ ሂሳብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ሲደፈን ያው 100 ዋት ሰሌዳ ከበጋው ሲሶውን እንኳ የማይሰጥባቸው ቀናት አሉ። ቴሌቪዥኑ ያርፋል፣ አምፖሉ ሁለት ይሆናል።

ስለ አተካከል ሁለት ነገር። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ሰሌዳ ብርሃን እንጂ ሙቀት አይወድም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ጉልበቱ በ0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 65 ዲግሪ የደረሰ ሰሌዳ ከጉልበቱ 16 በመቶ ያህል ያጣል ማለት ነው፤ ስለዚህ ያው ፀሐይ በደብረ ብርሃን ብርድ ከሰመራ ንዳድ ይልቅ የተሻለ ይሰጣል። ሰሌዳውን ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ማድረግ አየር እንዲያልፍበት ይረዳል። ሁለተኛው ጥላ ነው። በሰሌዳው ውስጥ ያሉት ሕዋሳት በሰልፍ የተያያዙ ስለሆኑ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ወይም የጎረቤት ዲሽ ጥላ አንዷን ጥግ ቢሸፍናት የሚቀንሰው የዚያችን ጥግ ድርሻ ብቻ አይደለም፤ ግማሹም ሊሄድ ይችላል። ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል ማድረግ ይበቃል። ሰኔ ላይ ፀሐይ በጭንቅላታችን አልፋ ወደ ሰሜን ብትሄድም ያን ጊዜ ዳመና ስለሚበዛ ኪሳራው አይሰማም፤ ዘንበል ማለቱ ደግሞ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥብ ያደርጋል። በበጋ ግን ዝናብ የለምና በሳምንት አንድ ቀን ማለዳ፣ መስታወቱ ሳይግል፣ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ነው።

ገበያ ላይ ያለ መላም አለ። የዛሬ ደህና ሰሌዳ ከአንድ ካሬ ሜትር 200 ዋት ገደማ ያወጣል። እንግዲህ ጀርባው ላይ 100 ዋት ተጽፎበት ስፋቱ ከሩብ ካሬ ሜትር ያልበለጠ ሰሌዳ ካዩ ጽሑፉን ትተው ሜትሩን ይመኑ።

ወደ ባትሪው እንመለስ። ብዙ ሰው ያገለገለ የመኪና ባትሪ ይገዛል፤ ርካሽ ነው። የመኪና ባትሪ ግን የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ለአንድ አፍታ ብዙ ጉልበት እንዲተፋ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲጎድል አይደለም። የአሲድ ባትሪ ከግማሹ በታች በወረደ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል፤ ባለ12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሚለው 1,200 ዋት ሰዓት ቢይዝም በደህና የሚወጣው 600 ነው። ይህን የሚጠብቀው ኮንትሮለር የሚባለው ትንሽ ሣጥን ነው፤ ባትሪው ሲጎድል መብራቱን ይቆርጣል። ድራማው መሐል ላይ ሲቆርጥ የሚናደደው አባወራ ሽቦውን ነቅሎ ከባትሪው ጋር በቀጥታ ያገናኘዋል። ያን ምሽት ድራማው ያልቃል፤ ባትሪው ግን ዓመት ላይሞላ ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው አዲሱ ዓይነት ዋጋው ቢወደድም ከያዘው 80 በመቶውን ሰጥቶ ከ2,000 ጊዜ በላይ ተሞልቶ ይጎድላል፤ ለሚችል ሰው በዓመታት ሲሰላ እሱ ይረክሳል።

ለመንገደኛም ሂሳቡ ያው ነው፤ መጠኑ ብቻ ያንሳል። 10,000 ሚሊ አምፔር የሚል ፓወር ባንክ የሚይዘው 37 ዋት ሰዓት ነው፤ የዛሬን ስልክ አንድ ጊዜ ተኩል ቢሞላ ነው። ጀርባው ላይ ሰሌዳ የተለጠፈበት «የሶላር ፓወር ባንክ» ማራኪ ይመስላል። ያቺ ሰሌዳ ግን ከአንድ ዋት ተኩል ብዙ አትዘልምና ባንኩን ለመሙላት ከ25 ሰዓት በላይ ጠራራ ፀሐይ ትፈልጋለች፤ በዚያ ላይ ባትሪው አብሮ ይጠበሳል። የሚሻለው ተጣጣፊ ባለ20 ዋት ሰሌዳ ለብቻ፣ ባንኩ ደግሞ በኬብል ጥላ ሥር ሆኖ ነው፤ በደህና ፀሐይ በ4 ሰዓት ገደማ ይሞላል።

ከዱባይም ከዋሽንግተንም ለቤተሰብ ይዘው የሚመጡ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ። በአውሮፕላን ፓወር ባንክና ትርፍ ሊቲየም ባትሪ የሚፈቀደው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት (27,000 ሚሊ አምፔር አካባቢ) ያለ ልዩ ፈቃድ፣ ከዚያ እስከ 160 በአየር መንገዱ ፈቃድ። ፓወር ስቴሽን የሚባለው ቦርሳ የሚያክል ትልቅ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣልና ኤርፖርት ላይ ይቀራል። ተጣጣፊ ሰሌዳው ግን ባትሪ ከሌለው ይገባል።

ሰሜን ተራሮች ለሚወጡ ደግሞ የብርድ ችግር አለ። ጨነቅ ካምፕ ከ3,600 ሜትር በላይ ስለሆነ በበጋ ሌሊት ውኃ ይረጋል፤ ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ከዜሮ በታች ሆኖ ቻርጅ ቢደረግ ውስጡ ይጎዳል። ልምድ ያላቸው ባንኩን ከመኝታ ከረጢታቸው ውስጥ ይዘውት ያድራሉ፤ ጠዋት ሰሌዳውን በበቅሎው ጭነት ላይ ቢዘረጉም ገመዱን የሚሰኩት ፀሐይ ተራራውን አልፋ ባትሪው ለእጅ ሞቅ ሲል ነው።