«የደጋ ልጅ ትል አያውቀውም» ለሚሉ ወላጆች

የትምህርት ቤት የትል መድኃኒት እደላ በአገር አቀፍ ደረጃ ከተጀመረ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በየደጋው የሚሰማው መልስ ያው ነው፦ «ብርዱ ትሉን ይገድለዋል፤ ክኒኑ ለቆላ ልጆች ይሁን።» አይገድለውም።

ብርድ የሚጎዳው በዋናነት መንጠቆ ትልን ነው። እንቁላሉ አፈር ላይ በአንድ ሁለት ቀን ይፈለፈላል፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ (ገና ያልበቃው ትል) ግን ሙቀት፣ ጥላና እርጥበት ካላገኘ አይቆይም። ስለዚህ ወይና ደጋና እርጥብ ቆላ ላይ በባዶ እግር የሚሄደውን ልጅ በቆዳው ዘልቆ ይገባል፤ ወደ ደጋው ሲወጡ ይቀንሳል። ከዚህ ተነስቶ «ደጋ ላይ ትል የለም» ማለት ግን ወስፋትን መርሳት ነው። የወስፋት እንቁላል ቅርፊቱ ወፍራም ነው። ሲበርደው እድገቱ ይዘገያል ወይም ይቆማል እንጂ በቀላሉ አይሞትም፤ ቀን ፀሐይ አፈሩን ስታሞቀው ካቆመበት ይቀጥላል። ሞቃት አፈር ላይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት የሚበቃው፣ ቀዝቃዛ ቦታ ረዘም ይልበታል፤ አፈር ውስጥ ግን ለዓመታት መቆየት ይችላል። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን 200,000 ገደማ እንቁላል ትጥላለች፤ ልጆች ጓሮ የሚጸዳዱበት ቤት ካለ ሰፈሩን ለመበከል ይበቃል። ደግሞስ እንቁላሉ አንዴ ከተዋጠ ምን ብርድ ያገኘዋል? የልጁ ሆድ ደብረ ብርሃንም ሆነ መተማ 37 ዲግሪ ነው።

«ቆላ ሁሉ ትል ነው» የሚሉም አሉ። ደረቅና ንዳድ አፈር እንቁላሉንም እጩንም ያደርቃል።

ውሃ ውስጥ የሚይዘው የትል በሽታ፣ ቢልሃርዚያም «የቆላ በሽታ» ይባላል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአንጀት ቢልሃርዚያ ግን ዳርቻውን አልለቀቀም፤ አስተላላፊው ቀንድ አውጣ እዚያ ተመችቶታልና። ለዚህ የወስፋቱ ክኒን፣ አልቤንዳዞል፣ አይሠራም። የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ነው፤ በኪሎ 40 ሚሊግራም፣ ትምህርት ቤት ውስጥ መጠኑ የሚገመተው ልጁን በቁመት መለኪያ እንጨት አቁሞ ነው። በባዶ ሆድ ከተዋጠ ያቅለሸልሻል፤ ቁርስ አብሉና ላኩ።

«ስኳር ትል ያመጣል» ይባላል፤ አያመጣም። ኮሶ ከጥሬ ሥጋ ነው፤ በእደላው አንድ ክኒን አልቤንዳዞል ይወጣል ብላችሁ አትጠብቁ።

«አምና ውጧል» አይሠራም። 400 ሚሊግራሙ አልቤንዳዞል አንጀት ውስጥ ያለውን ወስፋት ያወጣል፤ ጓሮ ያለውን እንቁላል አይነካም፤ ልጁ በወራት ውስጥ መልሶ ይያዛል። ሌላውን የአንጀት ትል፣ ጅራፍ ትልን ደግሞ አንዱ ክኒን ብዙ ጊዜ ያቅተዋል። ሰላጣና ካሮት በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍም ለወስፋት እንቁላል ዋጋ የለውም፤ በወራጅ ውሃ እያሻሹ ማጠብ፣ ካሮቱን መላጥ ነው። በደንብ የተቀቀለ ጎመን አያሰጋም።